ዛሬ ተራራው ዝግ ነው

ፍቅርን በመገናኛ ሬዲዮ የተናገረች ልጅ አለች ቢባል ማን ያምናል? ያውም ሆቴል ሙሉ ሰው ጆሮውን አቁሞ እየሰማ! ጉሜ ግን ተናገረች። ተናግራም ወጣላት እንዳትሉ፤ ከዚያች ማክሰኞ ጠዋት ወዲህ እንቅልፍም ምግብም ከሷ ጋር ተኳርፈዋል።

ጉሜ ያሏት አባቷ ናቸው። "ስትወለጂ ተራራው ጉም ለብሶ ነበር" ይሏታል። እሷ ደግሞ "ጉም ያልለበሰው መቼ ነው?" ትላቸዋለች። አባትና ልጅ የሚኖሩት ተራራ ወጪዎች ብርድ ሲያባርራቸው በሚሸሸጉበት በላይኛው መጠለያ ውስጥ ነው። ሁለት ክፍል፣ አንድ ምድጃ፣ ግድግዳውን ተደግፈው የተደራረቡ አልጋዎች። ሥራቸው የተራራውን አየር መጠበቅ ነው። ጠዋት ጠዋት ጉሜ ካፖርቷን ደርባ ትወጣለች። ቴርሞሜትሩን ታያለች፣ የነፋስ መለኪያው ምን ያህል እንደሚሽከረከር ታያለች፣ በረዶውን በተረከዟ ረግጣ ይይዝ እንደሆነ ወይም ያንሸራትት እንደሆነ ትፈትናለች። ከዚያ ትገባና ታች ላለው ሆቴል በሬዲዮ ትናገራለች። ታች ያለው ተራራ ወጪ ሁሉ ጫማውን የሚያስረውም ተመልሶ የሚተኛውም እሷ ባለችው ነው።

ታች ሬዲዮውን የሚያነሳው የባለሆቴሏ ልጅ ነው። ባለቁልፉ ይሉታል። የክፍሎቹን ቁልፍ ሁሉ ወገቡ ላይ አንጠልጥሎ ስለሚዞር ከሱ ቀድሞ ድምፁ ይደርሳል። መልኩን ባታነሱት ይሻላል። ሲስቅ አንዱ ጉንጩ ብቻ ነው የሚሰረጉደው፤ ሌላው ምን እንዳስቀየመው እንጃ።

የሥራው ደንብ ደግሞ አንድ ነው። ላይ ያለው የተናገረውን ታች ያለው ቃል በቃል ይደግማል። አይጨምርም፣ አይቀንስም። በነፋስ መሀል አንዲት ቃል ከጠፋች ሰው ገደል ይገባላ! ያልተደገመ ነገር እንዳልተሰማ ይቆጠራል፤ እስኪደገም ድረስ እንደገና ይነገራል። ብርዱ ከገባ ጀምሮ ጉሜ "ነፋስ ከምዕራብ" ስትል እሱ "ነፋስ ከምዕራብ" ሲል፣ እሷ "ውርጭ" ስትል እሱ "ውርጭ" ሲል ከረሙ። የገዛ ቃሏን ከሱ አፍ መስማት እየጣፈጣት ሄደ። ውርጭ እንኳ እሱ ሲለው ይሞቃል።

ታዲያ ያን ማክሰኞ ምን እንደለከፋት እንጃ፣ ሬዲዮውን አነሳችና፣

"ነፋስ ከምዕራብ፣ መካከለኛ። ጉም እስከ ሁለተኛው ድልድይ። ድንጋዩ ላይ ውርጭ አለ። ፍቅር ይዞኛል። ጨረስኩ።"

ወዲያው እጇን አፏ ላይ ጫነች። ምን ዋጋ አለው! ሬዲዮው ትንሽ ሽሽሽ አለ።

"ነፋስ ከምዕራብ፣ መካከለኛ" አለ ባለቁልፉ፣ በዚያው በየቀኑ ድምፁ። "ጉም እስከ ሁለተኛው ድልድይ። ድንጋዩ ላይ ውርጭ አለ። ፍቅር ይዞኛል። ጨረስኩ።"

ከኋላው ሆቴሉ በሳቅ ሲፈነዳ ተሰማ። "ኧረ መድኃኒት ላኩላት!" አለ አንዱ ቀልደኛ። ከዚያ ሬዲዮው ተዘጋ።

አሁን ይሄን ምን ይሉታል? ፍቅር ይዞኛል አለ። በጆሮዋ ሰምታለች። ግን ያለው እሱ ነው ወይስ ደንቡ?

ሮጣ ወጣች። አባቷ ከበሩ ጀርባ እንጨት ይፈልጣሉ።

"አባዬ፣ ደገመው እኮ!"

"ላይደግም ነው እንዴ? ደንቡ ነው።"

"ደንቡማ ደንቡ ነው። ግን የደገመው እንደ ደንብ ነው ወይስ..."

"ወይስ ምን?"

"ወይስ እንደ ሰው!"

አባቷ መጥረቢያውን ግንዱ ላይ ሰክተው ቀና አሉ። "እኔ እናትሽን ስጠይቃት ፊት ለፊቷ ቆሜ ነው። ዓይን ዓይኗን እያየሁ። አንቺ ግድግዳ እያየሽ ተናግረሽ፣ የሰውየውን ፊት እኔን ትጠይቂኛለሽ?"

እውነታቸውን ነው። ፊቱን አላየችም። ቀኑን ሙሉ ያን ድምፅ በጆሮዋ ውስጥ እያመላለሰች አዳመጠችው። አንዴ ማር ማር ይላታል፣ አንዴ ደግሞ የአውቶቡስ ረዳት ፌርማታ ሲጠራ ይመስላታል። ማታ ላይ ደስታውና እፍረቱ ተደባልቀው የቱ የቱ እንደሆነ ጠፋባት።

ረቡዕ ጠዋት ሬዲዮውን ያነሳው እሱ አልነበረም።

"አንቺ ልጅ" አለ የባለሆቴሏ ድምፅ።

ጉሜ ከወንበሯ ብድግ አለች። ሰው የማያይ ሬዲዮ ፊት ምን እንደሚያስነሳት እንጃ። "አቤት እትዬ።"

"ይሄ ሬዲዮ የተገዛው ለምንድን ነው?"

"ለአየር።"

"ለአየር! ጎሽ። የምትሞቂበት እንጨት ከኔ ነው። የአባትሽም ደሞዝ ከኔ ነው። ጋሼን አከብራለሁ፣ ክፉ ቃል አይወጣኝም። ግን ልጄን የእንግዳ መሳቂያ አታድርጊብኝ። ልጄ ቅዳሜ ወደ ከተማ ይወርዳል። እዚያ ያለውን ሆቴላችንን ተረክቦ እዚያው ይኖራል። መኪናው ታዟል። እስከዚያ ስለ ነፋስ ብቻ። ሰማሽ?"

"ሰማሁ እትዬ።"

"ሰማሁ ምን ያደርግልኛል፤ ደንቡን ታውቂ የለ? ድገሚው።"

ምድጃው ውስጥ እንጨት ጧ አለ። አባቷ ከጥግ ሆነው ኮፍያቸውን በእጃቸው እያዞሩ መሬት መሬት ያያሉ።

"ልጅዎ..." አለች። "ልጅዎ ቅዳሜ ወደ ከተማ ይወርዳል። እዚያው ይኖራል። መኪናው ታዟል። እስከዚያ ስለ ነፋስ ብቻ። ጨረስኩ።"

የሌላ ሰው ቃል ነው። ግን ያለው የገዛ አፏ ነው፤ ያመማትም ይሄው ነው።

ሐሙስ ሬዲዮውን ለአባቷ አስረከበችና አልጋ ላይ ወጥታ ብርድ ልብስ ተከናነበች። አባቷ ነፋሱን ተናገሩ። ባለቁልፉ ደገመ። ጉዱ ምን መሰላችሁ፣ በዚያው ድምፅ ነው የደገመው! ለሷ በሚደግምበት ድምፅ! "ውርጭ" ሲል ለአባቷም ሞቀ! ጉሜ ብርድ ልብሱን ነከሰችው። በቃ በቀቀን ነው። ነፋስ ብትለው ነፋስ፣ ፍቅር ብትለው ፍቅር፣ ቁንጫ ብትለውም ቁንጫ ይል ነበር።

"ጋሼ" አለ ባለቁልፉ ከጨረሰ በኋላ። "ጉሜ የት ሄደች? ታመመች እንዴ?"

ጉሜ ከአልጋው ላይ እጇን እያወናጨፈች "የለችም በለው! የለችም!" ብላ በሹክሹክታ ጮኸች።

አባቷ ዕድሜ ልካቸውን ውሸት አልሆንላቸው ያለ ሰው ናቸው። "የለችም በለው እያለችኝ ነው" አሉት።

ጉሜ ከአልጋው ዘላ ወረደች።

"አባዬ! ምነው ገደልከኝ!"

"ምን ላድርግ፣ አንቺው ያልሽውን ነው ያልኩት።"

"ገባኝ ጋሼ" አለ ባለቁልፉ በመጨረሻ። ድምፁ ትንሽ አነስ ብሎ ነበር። አነስ ያለው ተከፍቶ ነው ወይስ እናቱ ከጎኑ ቆማ ነው? ጉሜ ያንን "ገባኝ" እየገለባበጠች አደረች። ምን እንደገባው እሷ አልገባትም።

ዓርብ ንጋት ላይ ተራራው አበደ። ነፋሱ በበሩ ስንጥቅ እየገባ ያፏጫል፣ መለኪያው ከመዞሩ ብዛት ቅርጹ አይታይም፣ በረዶው ከላይ አይወርድም፣ ከመሬት ተነስቶ በአግድም ይበራል። አባቷ ነፋስ የገነጠለውን የጓዳ መስኮት ሊቸነክሩ ወጥተዋል። ስለዚህ ወደደችም ጠላችም ሬዲዮውን ማንሳት የሷ ዕጣ ሆነ።

"ነፋስ ከምዕራብ፣ ሰው የሚጥል። ከተሰነጠቀው ድንጋይ በላይ ምንም አይታይም። ዛሬ ተራራው ዝግ ነው። ማንም አይውጣ። ጨረስኩ።"

"ጉሜ! አንቺ ነሽ?" አለ ባለቁልፉ። መድገሙን ረሳው። "እዚህ እኮ ፀሐይ ነው። ሰማዩ የታጠበ መስታወት መስሏል። እንግዶቹ በሸሚዝ ነው የተቀመጡት።"

"ታች ታች ነው፣ ላይ ላይ ነው። ዝግ ነው።"

"ነገ ልሄድ ነው፣ ሰምተሻል አይደል?"

"ሰምቻለሁ። ደግሜዋለሁም።"

"ዛሬ መጥቼ ላነጋግርሽ ነበር። እኔስ ብወጣ?"

ልቧ ድው አለ። ከዚያ የሐሙሱ በቀቀን ትዝ አላትና ተናደደች። ሊሰናበት ነው የሚመጣው። ቻው ብሎ እጇን ጨብጦ ሊሄድ። "ማንም ብያለሁ! ማንም ውስጥ አንተም አለህ! ድገም!"

አልደገመም።

ብርዱ ከገባ ጀምሮ ያልደገመበት ቀን ይሄ ብቻ ነው። ደንቡ እስኪደግም ጥሪው ይላል። ጉሜ ደንቡን ከማንም በላይ ታውቃለች። ግን ኩራት የሚባል ነገር አለ አይደል? "ይቅርብህ" ብላ ሬዲዮውን አልጋው ላይ ወረወረችው። አሸነፍኩ ብላ ነበር። ታዲያ ያሸነፈ ሰው ለምን ያለቅሳል?

ቀትር ሳይሆን ሬዲዮው ጮኸ።

"ላይ! ላይ ያላችሁ! ጉሜ!"

ባለሆቴሏ ናት። በስሟ ጠርታት አታውቅም።

"አቤት እትዬ?"

"ልጄ እናንተ ጋ ደርሷል?"

"እኛ ጋ? ዝግ ነው ብያለሁ እኮ እትዬ! ማንም አይውጣ ብያለሁ!"

"ብለሻል። እሱ ግን 'የዘጋችው ተራራውን አይደለም፣ እኔን ነው' አለ። ቁልፎቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግፎ የእጅ ሬዲዮውን ይዞ ወጣ። እኔም..." ድምፅዋ ተሰበረ። "እኔም ሰማዩን አየሁት። አንዲት ደመና የለችም። ልጅቷ ልትሸሸው ፈልጋ ነው አልኩ። ይሂድና ቁርጡን አውቆ ይመለስ ብዬ ለቀቅሁት። አሁን ቀና ብዬ ሳይ ከወገብ በላይ ተራራው የለም! ጠፍቷል! ልጄን፣ ጉሜ!"

ጉሜ አፏን ከፍታ ቀረች። ስለ አየሩ ዋሸች ብለው ነው። እሷ! እናትም ልጅም! ቁጣው ከእግሯ ተነስቶ አናቷ ላይ ሊደርስ ሲል ፍርሃቱ ቀደመው።

"ይዝጉት እትዬ፣ መስመሩን ይልቀቁልኝ" አለችና ድምጿን ከፍ አደረገች። "ባለቁልፉ! ባለቁልፉ፣ ትሰማኛለህ?"

ሽሽሽ።

"ባለቁልፉ!"

"ጉሜ..." አለ ከሩቅ። ነፋሱ ቃሉን እየቆራረሰ ነው የሚያመጣው። "ምንም አይታየኝም። መሬቱም ነጭ ነው፣ ሰማዩም ነጭ ነው። እግሬን ራሱ ፈልጌ ነው የማገኘው።"

"መጨረሻ ያየኸው ምንድን ነው?"

"የተሰነጠቀውን ድንጋይ። ከዚያ ትንሽ ሄጃለሁ። አሁን ይሻላል፣ ነፋሱ ከኋላ ሆኖ እየገፋ እያገዘኝ ነው።"

ጉሜ ደሟ ቀጥ አለ። ነፋሱ ከምዕራብ ነው። ከተሰነጠቀው ድንጋይ በምሥራቅ በኩል ነፋስ የጋገረው የበረዶ ጠርዝ አለ። ከላይ ሲያዩት ሜዳ ነው፤ ሥሩ ግን ባዶ አየር ነው። ነፋሱ ከኋላ እያገዘው ወደዚያ እየወሰደው ነው።

"ቁም! እግርህን እንዳታነሳ! ድገም!"

"እግሬን አላነሳም።"

"ወደ ግራ ዙር። ነፋሱ ግራ ጉንጭህን በጥፊ እስኪመታህ ዙር። ድገም።"

"ነፋሱ ግራ ጉንጬን በጥፊ እስኪመታኝ እዞራለሁ። ዞርኩ። ወይኔ! ይማታል።"

"ይበልህ! ከዚያ ጉንጭህ ላይ እንዳይለቅ። በዱላህ ከፊትህ ያለውን በረዶ እየወጋህ ቀስ ብለህ ሂድ። ቀይ ቀለም የተቀባ የመንገድ ምልክት እንጨት እስክታገኝ። ድገም።"

ደገመ። እያንዳንዱን ቃል ደገመ። ጉሜ ዓይኗን ጨፍና አብራው ሄደች። እያንዳንዱን ድንጋይ በእግሯ ታውቀዋለች፤ ከሱ ጎን ያለች ያህል የራሷም ግራ ጉንጭ በረደ። "እንጨት!" ብሎ ሲጮህ እሷም ጮኸች። ከዚያ ወደሚቀጥለው እንጨት መራችው፣ ከዚያም ወደሚቀጥለው። ታች እናቱ መስመሩ ላይ ትንፋሿን ውጣ እያዳመጠች እንደሆነ ታውቃለች።

ቀስ በቀስ ግን ምላሱ መወፈር ጀመረ። "ግራ ጉንጬን" የነበረው "ግራ ጉ..." ሆነ። ከዚያ "ግራ" ብቻ።

"ጉሜ... ትንሽ ልቀመጥ። አሁንማ አልበረደኝም። እንዲያውም ሞቀኝ።"

ይሄን ቃል ከአባቷ ሰምታዋለች። በብርድ ውስጥ ያለ ሰው ሞቀኝ ካለ ብርዱ ውስጡ ገብቷል ማለት ነው።

"እንዳትቀመጥ! አልቀመጥም በል! ድገም!"

"አል..."

"አልቀመጥም! በለው! ስለ እናትህ በለው!"

ሬዲዮው ሽሽሽ አለ፣ ከዚያ ያም ቀረ።

አባቷ መዶሻቸውን እንደያዙ በሩ ላይ ቆመዋል። ምንም አልጠየቁም። ገመዱን ከግድግዳው አወረዱ፣ አንዱን ጫፍ በወገቧ፣ አንዱን በወገባቸው አሰሩና ወጡ።

ነፋሱ ጉሜን አንስቶ ሊጥላት ይታገላል። አፏን ከፍታ ስትጠራው ስሙን ጉሮሮዋ ውስጥ መልሶ ይከተዋል። ከእንጨት ወደ እንጨት በእጃቸው እየዳሰሱ ወረዱ። መጀመሪያ ያገኘችው በእግሯ ነው፤ ተደናቅፋበት ወደቀች። እንጨቱን አቅፎ ተቀምጧል። ቅንድቡም ሽፋሽፍቱም ነጭ ሆኗል፣ ከመቅጽበት ያረጀ ይመስላል።

በጥፊ መታችው። አንዴ ለማንቃት፣ ሁለተኛው ግን ለምን እንደነበር ራሷም አታውቅም።

"ተነስ! ተነስ እልሃለሁ!"

ዓይኑን በግድ ገለጠ። "ዝግ... ነው... ብለሽ ነበር" አለ።

በዚያ ነፋስ ውስጥ፣ በዚያ ሁሉ ድንጋጤ ውስጥ፣ ጉሜ ሳቋ መጣ። ሳቁ ከአፏ ሲወጣ ለቅሶ ሆኖ ወጣ። አባቷ በአንድ ወገን፣ እሷ በሌላው ብብቱ ሥር ገብተው ሲጎትቱት ክብደቱ ሁሉ ትከሻዋ ላይ ነበር። ከባድ ነው። ይክበድ፣ አለች በሆዷ። ይክበድ ብቻ።

ቀኑ ሲመሽ ባለቁልፉ ምድጃው አጠገብ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ሙቅ የስኳር ውኃ በሁለት እጁ ይዞ ይንቀጠቀጣል። መንቀጥቀጡ ደግ ነው፤ አባቷ "መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ተመለሰልን" ብለዋል። ለእናቱ "ደርሷል፣ ደህና ነው" ሲሏት ሬዲዮው ላይ ያለቀሰችው ለቅሶ ለሰው አይነገርም። ከዚያ አባቷ "ጣሪያውን ልየው" ብለው ወጡ። ጣሪያው ምንም አልሆነም።

ጉሜ እግሩ ሥር ተቀምጣ እርጥብ ካልሲዎቹን ታወልቃለች። እንዲህ በቅርብ አይታው አታውቅም። ያ የሚሰረጉደው ጉንጩ አሁን በብርድ ተቃጥሎ ቀልቷል።

"አንድ ነገር ልጠይቅህ" አለች ቀና ሳትል። "ማክሰኞ። ስትደግመው። ምን ብለህ ነው የደገምከው?"

"እውነቱን?"

"ውሸቱን ምን ላድርገው!"

የስኳር ውኃውን ጉልበቱ ላይ አሳረፈ። "ስደግመው ሳላስብ ነው። አፌ ለምዶታል፣ የምትይውን ሁሉ ይላል።"

ጉሜ ካልሲውን ጨመቀችው። ውኃው እጇ ላይ ፈሰሰ።

"ሬዲዮውን ካስቀመጥኩት በኋላ ነው የሰማሁት" አለ። "ሰው ሁሉ ይስቃል። እኔ አየሩን እንግዶች የሚያዩት ሰሌዳ ላይ ልጽፍ ጠመኔ አንስቼ እጄ ቀረ። ነፋሱ ከየት ነበር ያልሽው? ውርጩ የት ነበር? ከዚያች ቃል በቀር ከጭንቅላቴ ሁሉም ጠፋ። አንዲት ሴትዮ መጥታ 'እንዴት ነው ዛሬ?' አለችኝ።"

"ምን አልካት?"

"ይዞኛል አልኳት።"

ጉሜ ሳትወድ ሳቀች። ወዲያው ሳቋን መለሰችው። "ስለዚህ መጀመሪያ ሥራ ነበር።"

"ነበር።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ሥራ መች ሠራሁ።"

ደስ ሊላት ይገባል። ይሄን ቃል ለመስማት ስንት ሌሊት ተገላብጣ! ግን ደረቷ ውስጥ አንድ ነገር አልወርድ ብሎ ቆሟል። የጠዋቱ ቁጣ ነው።

"ታዲያ ዝግ ነው ስልህ ለምን አላመንከኝም?"

"ፀሐይ ነበር እኮ..."

"ፀሐዩን አመንክ! እኔን አላመንክም!" ተነሳች። "ስማ። እኔ ስለ ፍቅር ልዋሽ እችላለሁ። ኩራት አለብኝ፣ ተኝቼ የለሁም አስብላለሁ፣ ደግሜም አስብላለሁ። ስለ ነፋስ ግን ዋሽቼ አላውቅም። የኔ ቃል ሰው የሚኖርበትና የሚሞትበት ነው። ካንተ በቀር የተራራ ወጪ ዘር ሁሉ ያምነኛል። አንተ፣ በየጠዋቱ የምትደግመው፣ አንተ አላመንከኝም!"

ባለቁልፉ አንገቱን ደፋ። "የፈራሁት ስለ አየሩ ዋሽተሽ እንዳይሆን ነበር። ዋሽተሽ ከሆነ አትፈልጊኝም ማለት ነው። ከዚያ ደግሞ ወጥቼ ነፋሱ ሲመታኝ..." ፈገግ ለማለት ሞከረ። "ብታምኚም ባታምኚም፣ እየሞትኩ ደስ አለኝ። እውነቷን ነው አልኩ። አልዋሸችኝም።"

ይሄን ሰው ምን ታድርገው? ልታቅፈው ወይስ መልሳ በረዶው ላይ ልትጥለው? ሁለቱም አማራት። "አሁን ማወቅህ ምን ይጠቅመኛል" አለች ጀርባዋን ሰጥታው። "ነገ ልትሄድ።"

እንዲናገር ጠበቀች። አልሄድም እንዲል። ምድጃው ብቻ ተናገረ።

ሬዲዮው ጠራ። ባለሆቴሏ ናት። ዓይኗን አብሳ፣ ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ እንደገና ባለሆቴል ሆናለች። "ጉሜ፣ ነገ መውረድ ይችላል? መኪናው በጠዋት ይመጣል። አየሩን አይተሽ ንገሪኝ።"

"ልየው እትዬ" ብላ ወጣች።

ውጭው ሌላ ዓለም ሆኗል። ነፋሱ ወድቋል። ቀን ሙሉ ያበደው መለኪያ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ጉሙ ወደ ሸለቆው ወርዶ ተኝቷል፤ ከላዩ የመጀመሪያዎቹ ከዋክብት ብቅ እያሉ ነው። በረዶውን በተረከዟ ረገጠችው፤ ያዘ። ነገ ሕፃን እንኳ ይወርድበታል።

አንድ ቃል ብቻ ናት። ዝግ ነው ብትል ማን ያውቃል? ታች ያሉት ከዛሬ ወዲያ ቃሏን አይጠራጠሩም። መኪናው ይመለሳል። አንድ ቀን ታገኛለች፣ ምናልባት ሁለት። በአንድ ቀን ውስጥ ስንት ነገር ይባላል! ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ መጥቶ ተቀመጠ፤ ጣፈጣት እንኳ። ዓይኗ እንባ እንዳቀረረ ወደ ውስጥ ገባች።

ባለቁልፉ ያያታል። ምን ልትል እንደሆነ አያውቅም። እሷም ሬዲዮውን እስክታነሳ ድረስ አላወቀችም።

"እትዬ" አለች። "ነፋስ የለም። ጉም ከታች። በረዶው ይይዛል። ተራራው ነገ ክፍት ነው። ጨረስኩ።"

ሬዲዮውን ልታስቀምጠው ስትል በብርድ የጠነከረ እጅ ከእጇ ላይ ወሰደው።

"እማዬ" አለ ባለቁልፉ። "ሰምተሻታል። እውነቷን ነው፣ ክፍት ነው። እኔ ግን አልወርድም።"

ታች፣ ሩቅ፣ ሰው ወንበር ሲስብ ተሰማ።

"መኪናውስ?"

"ይመለስ።"

"ሆቴሉስ?"

"አልጠላሁትም እማዬ። ስለ ሆቴሉ ወርጄ እንነጋገራለን፣ እምቢ ካልሽም እሰማሻለሁ። ነገ ግን አልወርድም። ነገ እዚህ ነኝ።"

ጉሜ እርጥቡን ካልሲ ከወለሉ አነሳች። ትቆጣለች፣ አለች በልቧ። የአባዬን ደሞዝ ታነሳለች። እንጨቱን ታነሳለች።

"ካልሲህ ደርቋል?" አለች ባለሆቴሏ።

"አልደረቀም።"

"ልጅቷን ስጠኝ።"

ጉሜ ሬዲዮውን በሁለት እጇ ተቀበለች። "አቤት እትዬ።"

"ካልሲውን ከምድጃው ራቅ አድርገሽ ስቀይው" አለ ድምፁ። ደክሟል፣ ጎርነን ብሏል። "ሲቃጠል እንኳ ዝም ብሎ ነው የሚያየው፣ ከልጅነቱ እንዲህ ነው። አንቺ እይለት። እሺ... ልጄ?"

ያቺ የመጨረሻዋ ቃል ለማን እንደሆነች ጉሜ ለመጠየቅ ድፍረት አጣች። መስመሩ ተዘጋ። ባለቁልፉ ከብርድ ልብሱ ውስጥ አንዱን ጉንጩን ብቻ አሰርጉዶ ያያታል። እሷ እርጥብ ካልሲ በእጇ ይዛ መሀል ክፍሉ ላይ ቆማለች፤ ውኃው ጫማዋ ላይ ይንጠባጠባል። ትስቅ እንደሆነ ታለቅስ እንደሆነ አልለይላት ብሏል። ለመጀመሪያ ጊዜ ግን ሳይለይላት መቆሙ ደስ አላት።